ከመስኮቱ በላይ ስድስት ቀዳዳ

ስልኬ የጮኸው ሱቄ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጬ የላሜራ ቱቦ ጫፍ በጉጠት እየቆነጠጥኩ ሳለ ነው። የግንቦት መጨረሻ ነበር። የናይሮቢ ሰማይ በዚህ ጊዜ ፀሐይን ይደብቅና እስከ ነሐሴ ድረስ አመድ የመሰለ ፊቱን ይዞ ይከርማል። የእኔ ገበያ የሚደራው ያኔ ነው። ምድጃ የሚያስገጥመውም፣ ጭስ ማውጫ የሚያስጠርገውም፣ ያረጀ ቱቦ የሚያስቀይረውም ስሜ ትዝ የሚለው ብርዱ ትከሻውን ሲነካው ብቻ ነው።

«ሃሎ አንክል፣ የምድጃ ፈንዲ አንተ ነህ?» አለች አንዲት ወጣት።

ፈንዲ እዚህ አገር ከአናጢ እስከ ሰዓት ጠጋኝ ድረስ በእጁ ሠርቶ የሚበላ ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው። «አንተ» ማለቷም አልከፋኝም። እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን «እርስዎ» የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ የሚላቸው ቄስ ሲያናግሩ ነው፤ እሱንም በግማሹ ይረሱታል።

«ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ኪሌሌሽዋ የተከራየነው ቤት ውስጥ የእንጨት ምድጃ አለ። ሃዝባንዴ ኮልድ ሲዝን ሳይገባ እናንድደው ይላል። እኔ ግን አላምነውም። መጥተህ እየው፤ ወይ ሴፍ ሆኖ ይገጠም፣ ወይ ይነቀል።»

«ምን አስፈራሽ?»

«እናቴ በምድጃ ነው የሞተችው። እኔ ቤቢ ነበርኩ። ፓርክላንድስ ነበር ቤታችን።»

ጉጠቱ ከእጄ አልወደቀም። እንዲያውም ይበልጥ ጨብጬው ኖሮ በኋላ መዳፌ ላይ ምልክቱን አየሁት። የአባቷን ስም ጠየቅኳት። ዳንኤል አለችኝ። የእሷን ስም አልጠየቅኳትም፤ አውቀዋለሁ። ሊያ ናት።

«ነገ እመጣለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

አንድ አመል አለኝ። ሰው ቤት ስገባ ቀድሜ የማየው የባለቤቱን ፊት ሳይሆን ከመስኮቱ በላይ ያለውን ግድግዳ ነው። የናይሮቢ የድሮ ቤቶች እዚያ ላይ የማይዘጉ የአየር ቀዳዳዎች አሏቸው፤ በረድፍ የተደረደሩ፣ ወንፊት ሽቦ የተለጠፈባቸው። ኬንያውያን መኖራቸውንም አያስታውሱም። እኛ ግን ቤት በተከራየን በሳምንቱ በጨርቅ፣ በፌስታል፣ በጋዜጣ እንጠቀጥቃቸዋለን። በነፋስ ነገር አንደራደርም። ሰው የታጨቀበት፣ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ውስጥ አንዱ መስኮት ሲከፍት ከኋላ «ዝጋው!» የሚል ከተሰማ፣ ያ ሰው ያለ ጥርጥር የአገሬ ልጅ ነው። እኔ እነዚያን ቀዳዳዎች ተደፍነው ካየሁ አላስችል ይለኛል። አንድ ጊዜ ለሽምግልና ሄደን፣ ልጅቷን ስጡን ከማለታችን በፊት መጥረጊያ አምጡልኝ ብዬ በእንጨቱ ጋዜጣ ስጎለጉል አብረውኝ የሄዱት በሀፍረት ሊሞቱ ነበር። ሰው ቤት በገባሁ ቁጥር ስለማንጋጥጥ ከዚያ ወዲህ «ሸረሪት ቆጣሪው» ይሉኛል። ይበሉኝ። ለምን እንደምቆጥር ለአንዳቸውም ነግሬ አላውቅም ነበር፤ ለሚስቴም ጭምር።

ነገሩ የሆነው በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። በሞያሌ በኩል ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ስዋሂሊውን ከሞላ ጎደል ለምጃለሁ፤ የመኖሪያ ወረቀት ግን የለኝም። ወረቀት የሌለው ሰው ናይሮቢ ውስጥ አረማመዱ ያስታውቃል። ፖሊስ ሲያይ አይሮጥም፣ መንገድም አይሻገርም፤ ድንገት የጫማውን ክር ማሰር ያምረዋል። የምሠራው ሙዜ ካማው ከሚባሉ ሽማግሌ ጋር ነበር። ሙዜ ማለት እንደ እኛ «አባባ» ነው። በቆርቆሮ ዳስ ሥር የከሰል ምድጃና የጭስ ቱቦ ይሠራሉ፤ የእንጨት ምድጃ የሚያስገጥም ሲገኝ ደግሞ ቤቱ ድረስ ሄደን እንገጥማለን።

ሙዜ ካማው ብዙ አይናገሩም፤ የሚናገሩትን ግን ይደጋግሙታል። ምድጃ እንጨት ወለል ላይ አይቀመጥም፣ ጡብ ይነጠፍለታል። ከግድግዳም ራቅ ይላል፤ ግድግዳው ላይ እጅህን አሳርፈህ ትኩሳቱን መቻል አለብህ። የቱቦው የተቆነጠጠ ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው፤ ጭሱ ሲቀዘቅዝ የሚተፋው ጥቁር ሬንጅ ወደ እሳቱ ይመለስ እንጂ በመጋጠሚያው ሾልኮ እንዳይወርድ። በየመጋጠሚያው ሦስት ብሎን። ቱቦው ኮርኒሱን ሲበሳ እንጨት እንዳይነካ በላሜራ ሳጥን ይከበባል። ጣራው ላይ ሲወጣም ከጣራው አናት በላይ ከፍ ማለት አለበት፤ አለዚያ ነፋስ ጭሱን መልሶ ይገፋዋል። ጥቀርሻ ሲጠርጉ ደግሞ የምድጃውን አፍ በጋዜጣ የሚወትፉበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ገጹን አጥብቀው ይጠቀልሉና ሁለቱን ጫፎች ወደ ውስጥ አጥፈው በአውራ ጣታቸው ይመቱታል። አንዴ ከገባ ብናኝ አያሳልፍም። እኔም ቀዳሁት።

ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ክብሪት ከመጫሩ በፊት፣ ሙዜ የክፍሉ በር ላይ ቆመው አንጋጠው የግድግዳውን ቀዳዳዎች ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። «ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ...» ለምን እንደሚቆጥሩ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«እሳት ይተነፍሳል» አሉኝ። «ቤቱ የሚተነፍስበት ካጣ፣ እሳቱ የሰዎቹን ትንፋሽ ይበላል። ቱቦ ብቻውን ምንም አይደለም።»

ይህንን ነግረውኛል። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ዳንኤል ፓርክላንድስ ውስጥ የአበሻ ምግብ ቤት ነበረው። ከምግብ ቤቱ ጀርባ፣ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ ያለበት ግቢ ውስጥ፣ ከድንጋይ የተሠራ የድሮ ቤት ተከራይቶ ከሚስቱ ከትርሲት ጋር ይኖራል። ትርሲት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር፤ የምትወልደው ደግሞ በሐምሌ፣ ብርዱ በሚጸናበት ወር። ሰው ሁሉ ክፍሉን በከሰል አሙቂው ሲላት እምቢ አለች። «ከሰል የተኛ ሰው ይገድላል፤ መኝታ ቤቴ አይገባም» ብላ ድርቅ አለች። ዳንኤልም አገር ለቅቀው ከሚሄዱ ፈረንጆች አንድ የብረት ምድጃ ገዛላት። ምድጃው የመጣው እንግዲህ ለጥንቃቄ ነው።

የገጠምነው እኔና ሙዜ ካማው ነን። በሰኔ ነበር፤ ሁለት ቀን ፈጀብን። ካፊያው አላባራ ብሎ የጣራው ሸክላ ላይ የበቀለው የድንጋይ ሽበት እግር ያንሸራትታል፤ ከምግብ ቤቱ የሚመጣው የቁሌት ሽታ ደግሞ ጣራ ላይ ያለን ሰው ሥራ ያስፈታል። ትርሲት በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ፣ በሌላው ቻፓቲና ሽሮ በትሪ ይዛልን ትመጣለች። የእኛን ምግብ ከእነሱ ጋር ማዋሃድ ደስ ይላት ነበር። ሙዜ ሽሮውን ቀምሰው «ይህ ምግብ ነው ወይስ መድኃኒት?» ሲሏት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሥራው ሲያልቅ ሙዜ በሩ ላይ ቆመው ቆጠሩ። ስድስት። ክብሪቱን የጫረችው እሷ ናት። ጭሱ አንዴ ወደ ክፍሉ ብቅ አለና ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ቱቦው ተመለሰ። አጨበጨበችልን።

ከመውለዷ ሳምንት ቀደም ብሎ እናቷ እማማ አስካለ ሊያርሷት ከደብረ ብርሃን መጡ። ከደብረ ብርሃን የመጣ ሰው የናይሮቢን ብርድ ይፈራል ቢሉኝ አላምንም ነበር። እሳቸው ግን «የእኛ አገር ብርድ ውጭ ነው ያለው፤ በር ዘግተህበት ታድራለህ። የዚህ አገር ብርድ ከግድግዳ ውስጥ ይወጣል» ይሉ ነበር። ትርሲት በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ወለደች። በአሥረኛው ቀን ዳንኤል «እማማ ይፈልጉሃል» ብሎ ላከብኝ።

እማማ አስካለ ከሁሉ በፊት አጠገቡኝ። ከአገር በጣሳ ያመጡት ቅቤ የገንፎው መሐል ላይ ቀልጦ፣ ሽታው ከባሕር ዛፍ እንጨቱ ጋር ተደባልቆ፣ ክፍሉ የእናቴን ቤት መሰለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ ተግደርድሬ፣ እንዲያ ብላ ተብዬ አላውቅም ነበር። በልቼ እጄን ስታጠብ በጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱኝ።

«እነዚህን ቀዳዳዎች ድፈንልኝ ልጄ። አራስ በነፋስ ትመታለች እንዴ? ትናንት ወገቤን እያለች ስታቃስት ነው ያደረችው።»

አንገቴን ቀና አደረግኩ። የሙዜ ቆጠራ በጆሮዬ መጣ።

«እማማ፣ እሳቱም አየር ይፈልጋል ይላሉ እኮ» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

«ጭሱ በቱቦው ይወጣ የለም?»

«ይወጣል።»

«ቱቦውን የሠራኸው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ የገዛ ሥራህን አታምነውም?»

የገንፏቸው ቅቤ ገና ከከንፈሬ አልደረቀም። ደግሞስ እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ፤ አራስን ነፋስ እንደሚመታት እናቴ የነገረችኝ ሙዜ ካማውን ከማወቄ በፊት ነው። ከሁሉ በላይ ግን «የገዛ ሥራህን» ያሉት ነገር ነካኝ። በቱቦዬ ኮርቼ ነበር። ወንበር ላይ ወጣሁና ጋዜጣውን እየጠቀለልኩ፣ ጫፉን እያጠፍኩ፣ በአውራ ጣቴ እየመታሁ አንድ በአንድ ወተፍኳቸው። አሳምሬ ነው የሠራሁት።

ስድስተኛው ላይ ስደርስ ትርሲት ከአልጋዋ ቀና ብላ «ጌታሁን፣ ማፈን የለውም?» አለችኝ።

«የለውም፤ ቱቦው ይስባል» አልኳት።

«አንተ ካልክ እሺ» ብላ ተመልሳ ተጋደመች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ በዝናብ ርሶ እያለከለከ ዳሳችን ድረስ መጣ። የሆነውን ቁርጥራጩን እየለቃቀምኩ ነው የሰማሁት። እማማ አስካለ ልጃቸው ጥቂት ትተኛ ብለው ሕፃኗን ወጥ ቤት ወስደው ሊያጥቧት ይነሳሉ። ሲወጡ እንጨቱ እንዲበረክት የምድጃውን አየር ማስገቢያ ጠበብ አደረጉት። በሩን ዘጉ። ከበሩ ሥር ነፋስ እንዳይገባ ጋቢ ጠቀጠቁበት። እንጨቱ እርጥብ ነበር። እሳቱ ሲደክም ቱቦው ቀዘቀዘ፤ የቀዘቀዘ ቱቦ ደግሞ አይስብም። ክፍሉም የሚተነፍስበት አልነበረውም። ያ ሽታ የሌለው መርዝ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እናቷ ሲገቡ ትርሲትን ፊቷ ቀላ ብሎ፣ እንቅልፍ የጠገበች መስላ ተኝታ አገኟት። አልነቃችም።

ስደርስ መስኮቶቹ ሁሉ ተበርግደው ነፋሱ በመጋረጃው ይጫወታል። ያን ቀን ነፋስ የፈራ አልነበረም። ዳንኤል አቮካዶው ሥር ጭቃ ላይ ቁጭ ብሎ አፉን ከፍቶ ድምፅ አያወጣም። እማማ አስካለ ሕፃኗን ታቅፈው መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ከባዶው አልጋ አጠገብ ቆመዋል። አላለቀሱም ገና። የዝናብ ልብስ የለበሱ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ስዋሂሊ የሚችል ሲባል ሰዎች እኔን ገፍተው ወደ ፊት አወጡኝ። ወረቀት የሌለኝ ሰው ከፖሊስ ፊት ቆምኩ።

አንደኛው እስክሪብቶውን ወደ ግድግዳው ቀስሮ «እነዚህን የደፈነ ማነው?» አለ።

አስተርጓሚ ነኝና ጥያቄውን ማድረስ ነበረብኝ። አደረስኩ። የገዛ ጥፋቴን እንደማላውቅ ሆኜ «እማማ፣ ቀዳዳዎቹን ማን ደፈናቸው ይላል» አልኳቸው።

አዩኝ። ከዚያ ሕፃኗን ወደ ሌላው ክንዳቸው አዛወሩና «እኔ ነኝ በለው» አሉ።

«እማማ...»

«እኔ ነኝ በለው ብያለሁ!»

ወደ ፖሊሱ ዞሬ «እኔ ነኝ ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩ። እሱም እየጻፈ «ብቻቸውን?» አለኝ። ይህንን ግን ወደ አማርኛ አልመለስኩትም። እሳቸውን ሳልጠይቅ፣ እኔው በገዛ አፌ «ብቻቸውን» አልኩት። የመጀመሪያውን ቃል የሰጡት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው የእኔ ነው።

ሙዜ ካማው ተከትለውኝ መጥተው ኖሮ በሩ ላይ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ፖሊሱ ጎትቶ የጣለውን አንዱን ውታፍ ከመሬት አነሱ። የታጠፈውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ግቢው ውስጥ ስንገናኝ ቀስ ብለው «እጅህን አውቀዋለሁ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም፤ ለማንም አልተናገሩም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ዳሱ ውስጥ ላሜራ ያስቆርጡኛል እንጂ ወደ ሰው ቤት ይዘውኝ ሄደው አያውቁም።

ፖሊስ ነገሩን አደጋ ብሎ ዘጋው። ዳንኤል ግን አልዘጋውም። የአርባው ማግስት ለእማማ አስካለ «ልጄን ተዉልኝ፤ እርስዎ ይሂዱ። ዓይንዎን ማየት አልፈልግም» አላቸው። ዕቃቸውን ተሸክሜ ወደ ሞያሌ የሚሄደው አውቶብስ የሚነሳበት ኢስሊ ድረስ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ጭቃው ውስጥ የጫት ሻጮችና የሻይ ሻጮች ይጯጯሃሉ። እማማ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል።

«እማማ፣ ለምን እንዲያ አሉ?» አልኳቸው።

«ወረቀት አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ! እኔ ልጄን ቀብሬያለሁ። የሌላይቱን እናት ልጅ ባሳስር ትርሲት ትነሳልኛለች? ደግሞ ያዘዝኩህ እኔ፤ በሩ ሥር ጋቢ የጠቀጠቅኩ እኔ።»

«ለዳንኤል ልንገረው።»

«አሁን አይሆንም፤ እልኸኛ ነው፣ ያስይዝሃል። ወረቀትህን ያገኘህ ዕለት ንገረው። ያኔ ማንም አይነካህም» አሉና ወደ አውቶብሱ እያዩ ጨመሩ። «ያኔ ምናልባት ልጅቷን ያሳየኝ ይሆናል።»

ወረቀቴን ያገኘሁት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በዚያው ዕለት በማታቱ ፓርክላንድስ ድረስ ሄጃለሁ። ከግቢው በር ማዶ ቆሜ አየኋቸው። ዳንኤል ትንሿን ሊያን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እሷ የአቮካዶውን ቅጠል ልትይዝ ስትንጠራራ እሱ ሆን ብሎ ዝቅ እያለባት ይሳሳቃሉ። ከትርሲት ሞት በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደስታቸውን ለምን አደፈርሳለሁ ብዬ ተመለስኩ። ምክንያቱ ጥሩ ይመስል ነበር፤ ፍርሃት ጥሩ ልብስ መልበስ ያውቅበታል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኘሁ። ዳንኤል ሌላ ሚስት ሲያገባ አዲስ ትዳር አልበጠብጥም አልኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ሲሞት ቀብሩ ላይ አፈር በእጄ ዘግኜ ጣልኩበት፤ ያን ጊዜ እንግዲህ የምነግረው ሰው አልነበረም። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል፤ ውስጥ ውስጡን ሲበላኝ ሌሊት ሌሊት ይሰማኛል። «አንተ ካልክ እሺ» ትለኛለች ትርሲት። ቁጣ የለባትም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ኪሌሌሽዋ ስደርስ በሩን የከፈተችልኝ ሊያ ሆዷ ገፍቶ ነበር። በስልክ አልነገረችኝም። በአንድ እጇ ሆዷን ደገፍ አድርጋ በሌላው ስትጨብጠኝ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ አጎነበስኩ።

ምድጃውን የገጠመው ሰው እጁ የተባረከ አልነበረም። የቱቦው የተቆነጠጠ ጫፍ ወደ ላይ ነው፤ ሬንጁ በየመጋጠሚያው ወርዶ ግድግዳው ላይ ደርቋል። ኮርኒሱ ላይ ቱቦው እንጨቱን ተደግፎታል፤ እንጨቱም ከስሎ ነበር። ነቅዬ ሁሉንም እንደገና ገጠምኩ። ጡብ ነጠፍኩ፣ የላሜራ ሳጥን ሠራሁ፣ ብሎኑን ሦስት ሦስት አድርጌ አሰርኩ፣ ጣራ ላይ ወጥቼ ቱቦውን ከአናቱ በላይ አስረዘምኩት። እንደ ያኔው ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ባሏ፣ ሳቂታ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ሥራ ይሄዳል፤ እሷ ከኋላዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ እያንዳንዷን ብሎን ታያለች። በመጨረሻ በሩ ላይ ቆምኩና ቆጠርኩ። «ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ፣ ኔ፣ ታኖ፣ ሲታ።» ስድስቱም ክፍት ናቸው።

«እንደዚህ ዓይነቶቹን ነው አያቴ የደፈነችው» አለች ሊያ ወደ ላይ እያየች። «ዳድ ሁልጊዜ ይነግረኝ ነበር። ስሟን እንኳን መጥራት አይወድም።» ከዚያ ወደ ምድጃው ዞረች። «አሁን ስናነደው... ማፈን የለውም?»

የእናቷ ቃል ነው። ማንም ሳያስተምራት፣ በዚያው ቃል ጠየቀችኝ። የለውም ብዬ መመለስ አቃተኝ። መዶሻዬን አስቀመጥኩ።

«ሊያ፣ አያትሽ አይደሉም የደፈኑት። እኔ ነኝ።»

ከጋዜጣው እስከ ፖሊሱ፣ ከፖሊሱ እስከ አውቶብሱ ነገርኳት። ስለ ወረቀቱም፣ አያቷ ያኔ ንገረው ስላሉኝም ሳልደብቅ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም።

«ሃያ ስምንት ዓመት?» አለች። «እንዴት ዝም ትላለህ?»

«መጀመሪያ ፈራሁ። ከዚያ ዝምታውን ለመድኩት።»

«የአያቴ ነምበር አለኝ እኮ። ከዘመድ ተቀብዬ ሴቭ አድርጌዋለሁ። አንድም ቀን አልደወልኩም። እናቴን ለገደለች ሴት ምን ብዬ?» ስልኳን አነሳችና ደወለች፤ ድምፁን ለሁለታችንም ከፈተችው።

ከብዙ ጥሪ በኋላ ተነሳ። «አቤት፣ ማን ልበል?» አለ ያረጀ፣ ግን የማልስተው ድምፅ።

«ሊያ ነኝ። የትርሲት ልጅ።»

ከወዲያ በኩል ነገር ሲወድቅ ተሰማ።

«ጌታሁን የሚባል ሰው ሁሉን ነገረኝ» አለች ሊያ እያለቀሰች። «ቀዳዳዎቹን የደፈንሽው አንቺ አይደለሽም።»

«ጌታሁን!» አሉ እማማ አስካለ። «ነገረሽ? እሰይ፣ እሰይ። ወረቀቱን አገኘ ማለት ነው! አይ ልጄን፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያለ ወረቀት! ምነው እንዲህ አንከራተቱት? እኔ እኮ ገና አላገኘም ማለት ነው፣ ቢያገኝማ ይነግራቸው ነበር እያልኩ በየቀኑ ስጸልይለት...»

ሊያ ቀና ብላ አየችኝ። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«እማማ» አልኩ። ያኔ የእሳቸውን ቃል ለፖሊስ የተረጎምኩ ሰው የራሴን አማርኛ አጣሁት። «እማማ፣ ወረቀቱን ካገኘሁ ሃያ አራት ዓመት ሆነኝ።»

ይራገማሉ ብዬ ጠበቅኩ። ቢራገሙ ደስ ባለኝ።

«እህ» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለውም፣ ያለ ቁጣ፣ «ልጅቷን ስጠኝ» አሉኝ።

ስልኩን ሰጥቻት ወጣሁ። በሩንም አልዘጋሁትም። ሁለቱ ሲያለቅሱና ሲጠያየቁ፣ ሊያ በተሰባበረ አማርኛዋ መቼ እንደምትወልድ ስትነግራቸው፣ እሳቸው ወገብሽን አሙቂ ሲሏት እስከ ግቢው በር ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አለፈ። ለሚስቴ ነግሬያታለሁ፤ ገና በሙሉ ዓይኗ አላየችኝም። ሊያም አልደወለችልኝ፣ እኔም አልደወልኩላት። ዛሬ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ብርዱ ገብቶ ነበር፤ በየቤቱ ጣራ ላይ ጭስ ይታያል። ቁጭ ብዬ ጉጠቴን አነሳሁና እማማ አስካለ ያሉኝን አሰብኩ። ይቅርታም እርግማንም አልሰጡኝም። ልጅቷን ስጠኝ ነው ያሉኝ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በእጄ ይዤ ያልሰጠኋቸው እሷን ነበር።